አንዲት አቡነ ዘበሰማያት

ቤሩት ልሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ የንስሐ አባቴን ልሰናበት ሄድኩ። ጥር ነው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብራል። አባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ተናዘዝኩ። ከዚያ ቀኖናዬን ጠበቅሁ።

እኔ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። ውዳሴ ማርያምን የሰባቱንም ቀን በቃሌ እወጣዋለሁ። ስለዚህ ቢያንስ ዳዊት፣ ሰይፈ ሥላሴ፣ መልክአ ማርያም ምናምን ይሉኛል ብዬ ነበር። ስደት ነዋ የምሄደው! ስንቄ ከበድ ማለት አለበት።

«ጠዋት ስትነሺ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገሪ አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ» አሉኝ። ደወሉ መደወል ጀምሮ ስለነበር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት።

«ሌላስ አባ?»

«እሱን አድርጊ።» መስቀላቸውን አሳልመውኝ ተነሡ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። የናቁኝ መሰለኝ። አቡነ ዘበሰማያትን የአምስት ዓመት ልጅም ይደግመዋል። በልቤ «እሳቸው ቸኩለው ነው» ብዬ የራሴን ቀኖና ለራሴ ሰጠሁ። ረጅም ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ጀምሬ አውሮፕላን ውስጥ ጨረስኩት ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቤት ሦስት ዓመት ኖርኩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሣለሁ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ጎኔ አያርፍም። ስልኬን ማዳሟ ወሰደችው። ስሜም ለአፋቸው ስለከበዳቸው ሌላ ስም አወጡልኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ትእዛዝ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ፣ ያላ ቶሎ በይ። ተኝቼ እንኳ የሚጠሩኝ ይመስለኝና ብድግ እላለሁ። በዚያ ቤት ጸሎቴ «አውጣኝ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። አወጣኝ፤ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ይህን የማነሣው «መታዘዝ» የሚለው ቃል ለእኛ ምን እንደሆነ እንድትረዱልኝ ነው። በኋላ እሑድ እሑድ ማረፍ ስችል እህቶች የሚሰበሰቡበት ጉባኤ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሰባኪው ስለ መታዘዝ አስተማረ። ሳኦልን አነሣ፤ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል አለ። እዚህ ድረስ ደግ። ቀጠለና «ባሪያዎች ሆይ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን በቀጥታ ለእኛ አደረገው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። የስድስት ወር ደመወዟን ተከልክላለች። ያን ቀን ጉባኤው ሳያልቅ ወጣሁ፣ ንዴቱም እስካሁን አልበረደልኝም። ጳውሎስ እኮ እዚያው ኤፌሶን 6 ላይ ለጌቶችም ቃል አለው፤ ማስፈራራቱን ተዉት፣ የእነርሱም የእናንተም ጌታ በሰማይ አለ ይላል። ያቺ ቁጥር ስትሰበክ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ቤት አሽረፊየህ የሚባል የቤሩት ሰፈር ነው፤ እስከ ዛሬም ያለሁበት። የምንከባከባቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ሰው ሁሉ ቴታ ይላቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። ዐረብኛ አንቱ የለውም እንጂ እኔ በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ማሮናዊ ናቸው፣ የሊባኖስ ካቶሊክ ማለት ነው። መቁጠሪያቸው ከእጃቸው አይለይም፤ ከአልጋቸው ራስጌ ደግሞ ትንሽ የእጅ ደወል አለች። ያቺን ደወል ስሰማ እንቅልፍም ጸሎትም ቆመው ይጠብቁኛል።

ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ እንዳለ ወደቡ ፈነዳ። እንደ ፈረንጆቹ ነሐሴ 4 ቀን 2020 መሆኑ ነው። መጋዘን ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ተከማችቶ እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቴታን ደግፌ ወደ መታጠቢያ እየወሰድኳቸው ነበር። ሳሎኑም ወጥ ቤቱም የመስታወት ክምር ሆነ፤ ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው እኛ ተረፍን። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከነዚያ ውስጥ እንደኔ የሰው ቤት የሚሠሩም ነበሩ።

ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ያን ሌሊት መስታወት እየጠረግሁ ተሳልኩ፤ ፍልሰታን ሙሉ በየቀኑ 150ውንም መዝሙር እደግማለሁ አልኩ። ተዉ ያለኝ የለም፣ የጠየቅሁትም ሰው የለም። የመጀመሪያውን ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጨረስኩ። በሁለተኛው ቀን ሰማንያውን ሳላልፍ ነጋ። ሦስተኛው ቀን ዳዊቱን ይዤ ወጥ ቤት ቆሜ እንቅልፍ ወሰደኝና የቴታ ምስር አረረ፤ ድስቱ እስካሁን ጠባሳ አለበት። በአራተኛው ቀን ዳዊቱን ሳየው ብድር እንዳለበት ሰው ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ምንም አልጸለይኩም። አቡነ ዘበሰማያትንም ጭምር።

ንዕማንን ያገኘሁት በነዚያ ወራት ነው። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5። ታሪኩን በልጅነቴ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ግን ያኔ የሰው ቤት ሠርቼ አላውቅም ነበር። ንዕማን የሶርያ የጦር አለቃ ነው፣ ለምጽ አለበት። ሚስቱን የምታገለግል አንዲት ታናሽ ብላቴና አለች፣ ከእስራኤል ተማርካ የመጣች። ስሟ አልተጻፈም። እዚህም የኛ ስም አይጻፍም። «ጌታዬ በሰማርያ ካለው ነቢይ ፊት ቢደርስ ኖሮ ይፈወስ ነበር» አለች። ማንም አላዘዛትም። አምጪ ውሰጂ ሲሏት ውላ፣ ያለ ትእዛዝ የተናገረችው ያንን ነው። ያን ሰባኪ ባገኘው ይህችን ልጅ አስተዋውቀው ነበር።

ንዕማን ብሩንም ወርቁንም ጭኖ ሄደ። ኤልሳዕ ግን ወጥቶ እንኳ አላናገረውም። መልእክተኛ ልኮ «ሂድ፣ ዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ» አለው። ሰውየው ተናደደ። የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ አይሻሉም ወይ አለ። አባና ዛሬ ባራዳ የሚባለው ነው ይላሉ፤ ደማስቆ ደግሞ ከዚህ ተራራውን ተሻግሮ ነው። አገልጋዮቹ ናቸው ቀርበው «አባት ሆይ፣ ነቢዩ ታላቅ ነገር ቢነግርህ ኖሮ ባደረግኸው አልነበረምን?» ያሉት።

እዚህ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። ደብረ ብርሃን፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት አባ ትዝ አሉኝ። 150 መዝሙር ቢሉኝ ኖሮ ደስ እያለኝ እሞክር ነበር። ሳይሉኝም ሞክሬዋለሁ። ያሉኝን ግን አላደረግሁም። አስቡት፣ ቀኑን ሙሉ ለማዳም እሺ እላለሁ፣ ለአባቴ ደቂቃ ለማትሞላ ነገር እሺ ማለት አቅቶኛል። የቤቱ እሺ በግድ ነው። ይህኛውን ባላደርገው ማንም አይቆጣኝም፣ ደመወዝ አይቆርጥብኝም። የከበደኝም ለዚህ ይመስለኛል።

በማግስቱ ከአልጋዬ ሳልወርድ ደገምኩት። ምንም የተለየ ነገር አልተሰማኝም። በሳምንቱም አልተሰማኝም። አንዳንድ ቀን አፌ ይደግማል፣ ልቤ የምሳውን ሥራ ይቆጥራል። ረስቼው እኩለ ቀን ላይ ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ የሚለኝ ቀንም አለ። እንደዛም ቢሆን ቀጠልኩ። አንድ ጠዋት «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የዕለቱን፣ ለዛሬ። እኔ ደግሞ የዓመቱን ባንዴ ስጠይቅ ነው የኖርኩት።

የለውጡ ነገር እንዲህ ነው ብዬ የምናገረው ብዙ የለኝም። አንድ ብቻ ልንገራችሁ፣ የጨዉን ነገር። በ2013 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 29 ነው። የእነ ቴታ ጾም ቀደም ብሎ ገብቶ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አብረን ጾምን። እሳቸው እስከ ቀትር ምንም አይቀምሱም፤ እኔ እስከ 9 ሰዓት። ምስርና ሩዙ ሙጀደራ፣ ባቄላው፣ ታቡሌው፣ ሁሉም ሲያሚ ነው፤ የጾም ማለታቸው ነው። ችግሩ የመጣው መጋቢት 26 ፋሲካቸው ሲውል ነው። የኛ ሚያዝያ 24 ነው። አራት ሳምንት ሙሉ ሥጋና እርጎ እያበሰልኩ ልጾም ነው።

ሥጋውን ሠርቼ ጨዉን እንዴት ልቅመስ? በድሮ ቤቴ ቀምሼ እተፋ ነበር። ማንም ስላላየኝ አልተቆጨሁም። አሁን ግን ጠዋት «ይኩን ፈቃድከ» ብዬ ወጥቼ ማንኪያውን ሳነሣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቴታ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ትንሽ አሰቡና «ያ ቢንቲ (ልጄ ሆይ)፣ እንግዲያው አምጪልኝ፣ እኔ እቀምሳለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ከመድረሱ በፊት ማንኪያ ይዤ አልጋቸው አጠገብ እቆማለሁ። ይቀምሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይፈርዳሉ። እንደዚያ ተደስተው አይቻቸው አላውቅም። ከአልጋ ከዋሉ ወዲህ ወጥ ቤታቸውን ያዘዙት ያኔ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን ዶሮ ወጥ ሠራሁ፤ በልማዳቸው ቅመሻውን ጠየቁኝ፣ ቀመሱና በርበሬው እንባቸውን አወረደው። አሁንም ሲያስታውሱት ይስቃሉ።

በ2015 ጥቅምት የቴታ ልጅ ወረቀቴን አስተካክላልኝ ለአንድ ወር አገሬ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን አባ ጋ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ማን እንደሆንኩ በድምፄ ለማወቅ ሁለቴ አናገሩኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ንቀቴን፣ ስእለቴን፣ ያረረውን ምስር፣ ንዕማንን። በመጨረሻ «ያቺን አንዲት አቡነ ዘበሰማያት አሁን አላቋርጥም አባ» አልኩ። ትንሽ ኩራት ነገር ነበረበት፣ አልክድም።

ዝም ብለው ቆዩ።

«አንዲት?» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ሦስት ነበር ያልኩሽ። እኔ ለመንገደኛ ሁሉ የምሰጠው ሦስት ነው።»

«አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ ነው ያሉኝ። ሦስት አላሉም።»

«ብያለሁ። ደወል እየተደወለ ነበር፣ አልሰማሽኝም።»

ደወሉን አስታወስኩ። አልተከራከርኩም። እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ፣ እስከ ማሳል ደረሱ።

ከተመለስኩ ወዲህ ሦስት ነው። የቴታ ደወል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ነው የሚያገኘኝ፤ ሦስተኛውን ኮሪደር ለኮሪደር እየሄድኩ እጨርሰዋለሁ።