ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው በረዶ

ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ዋጋ ይወጣል፤ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሉ አስጋሪዎች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁትም ይህንን ወቅት ነው። ከማኅበሮቻቸው አንዱ በመጋቢት ወር በአይሱዙ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ከላከው 6 ኩንታል ዓሣ ውስጥ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ከአምባዛ ጋር የተጫነባቸው ሣጥኖች ሳይራገፉ ተመለሱ። የቆሮሶው ሆድ ፈንድቷል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከሣጥኑ ሲያነሡት ሥጋው ከአጥንቱ ይለቃል። ተረካቢው ስልክ ደውሎ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በረዶ ሰስታችኋል።»

ሊቀ መንበሩ በረዶ መዝኖ የሚያስገባውን ልጅ አስጠራው። ኪሳራው ከደመወዙ ይቆረጥ የሚል ሐሳብም ወዲያው ቀረበ። ልጁ «ጋሼ፣ የዓሣውን ያህል በረዶ ነው ያስገባሁት፤ የገዛንበት ደረሰኝም አለ» ቢልም ሰሚ አላገኘም።

ነገሩን ያዞረችው የሚዛን ሠራተኛዋ ናት። ከተመለሱት ሣጥኖች አምባዛዎቹን ለይታ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። ጠንካራ ናቸው፤ ሽታ የላቸውም፤ ስንጥባቸው፣ ማለትም በውኃ ውስጥ የሚተነፍሱበት አካል፣ ገና ቀይ ነው። «አንድ ሣጥን፣ አንድ በረዶ፣ አንድ መኪና። ታዲያ በረዶው ለአምባዛ ሠርቶ ለቆሮሶ እምቢ አለ?» ስትል ሊቀ መንበሩ መልስ አጣ።

ስሌቱም ከልጁ ጋር ነበር። 100 ኪሎ ዓሣን ከ25 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ ብቻ ወደ 27 ኪሎ በረዶ ይቀልጣል። የቀረው የሚያስፈልገው በመንገድ ላይ በሣጥኑ ግድግዳና በክዳኑ የሚገባውን ሙቀት ለመሸከም ነው። በቆላ አገር አንድ ኪሎ ዓሣ ለአንድ ኪሎ በረዶ የሚባለው ለዚህ ነው። ሐይቁ ዳር ካለችው ከባቱ ከተማ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ያ መጠን ለመንገዱ በቂ ነበር። በረዶው በጆንያ ውስጥ በመዶሻ ደቅቋል፤ ከታች፣ በየመሐሉና ከላይ ተነጥፏል፤ የሣጥኖቹ የውኃ መውጫ ቀዳዳም ክፍት ነበር። ሊነቀፍ የሚችለው የድርድሩ ውፍረት ብቻ ነው፤ በሁለት በረዶ መሐል ያለው የዓሣ ንጣፍ በእጥፍ ሲወፍር መሐሉን ለማቀዝቀዝ የሚወስደው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። ይሁንና ያ ጉድለት ቢሆን ኖሮ አምባዛውንም ባልማረው ነበር።

የሁለቱ ልዩነት የሚጀምረው ከአያያዛቸው ነው። አምባዛ በረጅም ገመድ ላይ በተደረደረ መንጠቆ ይያዛል። ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው መንጠቆ ላይ አድሮም በሕይወት ይወጣል፤ ጀልባ ውስጥም ለሰዓታት ሲንፈራገጥ ይቆያል። ቆሮሶ ግን መረብ ውስጥ ራሱን ያስገባና ክሩ ስንጥቡ ላይ ይጠብቅበታል። የስንጥቡ ክዳን ካልተከፈተ ውኃ ስለማያልፍለት እየታገለ ይሞታል። ትግሉ ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ያለውን ጉልበት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሲሞት ሰውነቱ ቶሎ ይደርቃል፣ ማለትም ይገተራል፣ ድርቀቱም ቶሎ ይለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው የባክቴሪያ ነው። በዚያ ላይ ቆሮሶ አልጌ የሚግጥ ዓሣ ስለሆነ ሆዱ ሞልቶ ከሞተ የራሱ የምግብ መፍጫ ፈሳሽ የሆዱን ግድግዳ ከውስጥ ይበላዋል። የሆዱ መፈንዳት ምክንያቱ ይኸው ነው። በረዶ ብልሽቱን ካገኘበት ያዘገየዋል እንጂ ያለፈውን አይመልስም።

በማግሥቱ ጠዋት ሚዛን ሠራተኛዋና ልጁ ጀልባዎቹ የሚያራግፉበት ዳርቻ ወርደው ቆሮሶውን አንድ በአንድ ፈተሹት። ፈተናው መሣሪያ አይፈልግም። ዓሣውን ከጭንቅላቱ ይዘው አግድም ያነሡታል። እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ከቆመ ከሞተ ጥቂት ሰዓት ነው፤ ይህኛው በረዶ ይገባዋል። ጅራቱ ከወደቀ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ አሁን የሞተና ገና ያልደረቀ፣ ወይም ደርቆ የለቀቀው። የሚለያቸው ስንጥቡ ነው። የመጀመሪያው ደማቅ ቀይ ነው፣ ልጋጉም የጠራ። የሁለተኛው ስንጥብ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኗል፣ ልጋጉ ደፍርሷል፤ ሆዱን በአውራ ጣት ሲጫኑት የጣቱ ጉድጓድ አይሞላም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሐይቁ ዳር ዓሣውን ውኃ እየረጩ የሚያስውቡ ነጋዴዎች አይጠፉም። የረጠበ ቆዳ ሁሉ ትኩስ ይመስላል፤ ስንጥብ ግን በመርጨት አይቀላም።

ከመጨረሻዎቹ ጀልባዎች የወረደው ቆሮሶ ገና በረዶ ሳያይ አብዛኛው ጅራቱ የወደቀና ስንጥቡ ቡናማ ነበር። ዓሣው መኪና ላይ ሳይሆን ሐይቁ ውስጥ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ምክንያቱ የመረብ ብዛት ሆኖ ተገኘ። ቀድሞ ሁለት ሰው የያዘ ጀልባ 5 መረብ ይጥል ነበር። ለሁዳዴ ገበያ ብለው 10 አደረጉት። 10 መረብ ከመምሸቱ በፊት ዘርግቶ ለመጨረስ የመጀመሪያውን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መጣል ግድ ሆነ። ጠዋት 12 ሰዓት ማንሣት ይጀምራሉ። አንዱን መረብ ጎትቶ፣ ዓሣውን ከክሩ ፈትቶ፣ መረቡን አጥፎ ለማስቀመጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ስለዚህ አሥረኛው የሚወጣው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው። ያ መረብ ከምሽቱ 11 ሰዓት ላይ ተጥሎ ከሆነ 18 ሰዓት ውኃ ውስጥ ቆየ ማለት ነው። ዝዋይ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው፤ በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይሞቃል። መጀመሪያ የተነሣው ዓሣ በበኩሉ የመጨረሻው መረብ እስኪወጣ ጀልባው ወለል ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ ነው፦ መረብ ሲጨመር የሚጎዳው የተጨመረው መረብ ዓሣ ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ የነበረውም ነው። መረቡ እጥፍ ሲሆን የዓሣው ኪሎም እጥፍ አልሆነም፤ ወትሮም አይሆንም።

አንዳንዶች ጎታች መረብ እንጠቀም አሉ፤ ዓሣው በሕይወት ስለሚወጣ። እውነት ነው፣ በሕይወት ይወጣል፤ ግን ዳር ዳሩን ጠርጎ የሚያወጣው በአብዛኛው ገና ያልደረሰውን ቆሮሶ ነው፣ መራቢያውንም ይረብሻል። ለአንድ ሁዳዴ ገበያ ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሐሳቡ መውደቁ ደግ ሆነ።

የተስማሙበት እንዲህ ነበር። ለሁለት ሰው 5 መረብ ብቻ፤ መጣል ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ። ጠዋት የሚነሣው በተጣለበት ተራ ነው፤ ብዙዎች ለመመለሻ እንዲቀርባቸው ከዳር ወዳለው ይሄዱ ነበር፣ ያ ደግሞ አንዱን መረብ ከሁሉ በላይ ያዘገየዋል። ጀልባው ላይ 30 ኪሎ የደቀቀ በረዶ የያዘ ክዳን ያለው ሣጥን ይጫናል፤ ለሣጥን አቅም የሌለው ቢያንስ በሐይቅ ውኃ የተነከረ ጆንያ ዓሣው ላይ ያልብሳል፣ እየደረቀ ሲሄድም ደግሞ ያርሰዋል። ከመረብ ሲፈታ ሞቶ የደረቀውና ገና የሚንቀሳቀሰው በተለያየ ዕቃ ይገባል። ሲያራግፉ ሆዱና ስንጥቡ ወጥቶ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ትርፍራፊ በሚሻሙበት የዳርቻ ውኃ ማጠብ ቀረ።

ሚዛን ሠራተኛዋ ደግሞ በመዝገቧ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች፦ የመጨረሻው መረብ የተነሣበት ሰዓት። ከኪሎው ቀጥሎ የሚጻፈው እሱ ነው፤ ክፍያም በሁለት ደረጃ ሆነ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ገብቶ የስንጥብ ፈተናውን ያለፈ ቆሮሶ ሙሉ ዋጋ ያገኛል። በጥሩ ዋጋ ያልተመለሰ ልማድ በስብሰባ ሲመለስ ስላላዩ ይመስላል፣ አስጋሪዎቹ ከመመሪያው ይልቅ የዋጋውን ልዩነት ነው ቶሎ የተቀበሉት። የልጁ ቅጣትም ተነሣ፤ የዓሣ ንጣፍ ከአንድ ጣት ቁመት በላይ እንዳይወፍር ግን ተነገረው።

ነፋሱ ብቻ በመመሪያ አይያዝም። ማዕበል ተነሥቶ መረብ እስከ እኩለ ቀን ሳይወጣ ሲቀር ያ ቆሮሶ ለአዲስ አበባ አይጫንም። ፈተናውን ያለፈው ፊሌቶ (አጥንት የሌለው ሥጋ) ወጥቶለት እዚያው ባቱ ላሉ ምግብ ቤቶች በዚያው ቀን ይሸጣል፤ ከ3 ኪሎ ቆሮሶ 1 ኪሎ ገደማ ፊሌቶ ይወጣል። ያላለፈው ከዳርቻው ርቆ ይቀበራል።