ከመቀነት ወደ ስልክ፦ ሞባይል ባንኪንግ ለመጀመር እንዴት እንደወሰንኩ

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ሰባቱን ዓመት የሠራሁት ያለ ሞባይል ባንኪንግ ነው። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሲጀመር ጎረቤቶቼ ወዲያው ገቡበት፤ እኔ አልገባሁም። ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መቅዳት ሲቀር አይሱዙ የሚነዳው ወንድሜም ተመዘገበ፤ እኔ አሁንም አልገባሁም። በእጄ ያልቆጠርኩት ገንዘብ የኔ አይመስለኝም ነበር።

የገበያችን ሴቶች ዛሬም "ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለነሱ በቁም ከምነግራቸው በዝርዝር ልጻፈው ብዬ ነው።

ያስወሰነኝ የ2016 የጥምቀት ሰሞን ነው። ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከገና እስከ ጥምቀት ሱቅ ውስጥ መቆሚያ የለም። ለከተራ ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ ጎልማሳ መጥቶ ለሚስቱና ለልጁ ሁለት ቀሚስ መረጠ። ሂሳቡ 14,500 ብር ሆነ። "በአካውንት ላስገባልሽ?" አለኝ። የአካውንት ቁጥሬ ከነሙሉ ስሜና ከነስልኬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እያየ ጻፈና ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ መሳካቱን የሚያሳየው አረንጓዴ ምልክትም አለ። ወዲያው የኔም ስልክ ላይ ሜሴጅ ገባ። ቀሚሶቹን ጠቅልዬ "መልካም በዓል" ብዬ ሸኘሁት።

በዓሉ ሲያልፍ ባንክ ሄጄ ደብተሬን ሳሳትም ያ ብር የለም። ሜሴጁን መልሼ ሳየው የባንኩ ስም አይደለም የላከው፤ በ09 የሚጀምር ተራ ስልክ ቁጥር ነው። ጽሑፉ ግን ባንኩ ከሚልከው አንድም ፊደል አይለይም። በጥድፊያ መሃል ላኪውን ማን ያያል?

ሳምንቱን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ከረመ። ለአንዱ ቀሚስ ጥበብ ሸማኔው ሦስት ሳምንት እንደተቀመጠበት አውቃለሁ። በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔ "ሞባይል ባንኪንግ አልጠቀምም" እያልኩ ግማሹ ደንበኛዬ በሱ ነበር የሚከፍለኝ። እሱ ያያል፣ እኔ አላይም። ገንዘብ መግባቱን የማረጋግጠው በከፋዩ ስልክ ነበር። አለመጀመሬ ከአደጋው አላወጣኝም። አደጋው ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ እንድቆም ነው ያደረገኝ።

ጥሬ ገንዘቡም ቢሆን ሰላም አልሰጠኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሸማኔዎቹ የምከፍለውን ዓርብ ከባንክ አውጥቼ በዘንቢል ይዤ ስመጣ ልቤ ይመታል። የባንክ ሰልፉ ደግሞ ግማሽ ቀኔን ይወስዳል።

እዚህ ላይ የረዳችኝ ስልክ የማትነካው እናቴ ናት። ገበያ ስትወጣ የዕለቱን ብር መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ሌላው ሣጥን ውስጥ ነው። መቀነቷ ቢፈታ የዕለቱን ብቻ ታጣለች። መስከረም 2013 ብሩ ሲቀየርና አሮጌውን ለመመለስ ሦስት ወር ሲሰጠን ከሣጥኑ ያወጣነውን ይዘን ባንክ ተሰልፈናል። ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ባንክ ገብቷል፤ መቀነቷን ግን አልተወችም። እኔም ጥያቄዬን ቀየርኩት። "አፑ አስተማማኝ ነው?" ማለቴን ትቼ "አፑ ስንት ብር ይንካ?" ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ለኔ መልስ አልነበረውም። ሁለተኛውን ግን እኔው ራሴ መመለስ እችላለሁ።

ስለዚህ ሁለት አካውንት አደረግኩ። ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈው የሱቁ አካውንት ከስልኬ ጋር ተያያዘ። ሌላ ባንክ ሄጄ ደግሞ በደብተር ብቻ የሚንቀሳቀስ አካውንት ከፈትኩ። በሱ ላይ ሞባይልም ኤቲኤምም አላስገባሁም። ማታ ሱቅ ስዘጋ ከሱቁ አካውንት ላይ ለሸማኔና ለክር ከሚያስፈልገኝ የበለጠውን በአፑ ወደዚያ እልካለሁ። ከባንክ ባንክ ለመላክ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። እሱን እንደ ዘበኛ ደመወዝ ነው የምቆጥረው። ባንኬንም በቀን መላክ የሚቻለውን ጣሪያ ዝቅ እንዲያደርግልኝ ጠየቅኩ። ጠያቂ ስለሌለ እንጂ ይደረጋል። ትልቅ ክፍያ ያለብኝ ቀን በአካል እሄዳለሁ።

ምዝገባው ላይ ያየሁትን ልናገር። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ሥራ በዝቶባት ስለነበር ስልኬን ተቀብላ ራሷ መነካካት ጀመረች። ከፊቴ ለነበሩት አዛውንትም እንዲሁ ሠርታላቸው "ፒንዎ 1234 ነው፣ እንዳይረሱት" ብላ በሰው ፊት ጮክ ብላ ነግራቸዋለች። ክፋት የለባትም፤ ልትረዳቸው ነው። ግን የዚያ መስኮት ሰልፈኛ ሁሉ የሰውየውን ፒን ሰማ። እኔ "ስልኬን ስጪኝ፣ አንቺ ንገሪኝ እኔ ልንካው" አልኳት። ፈጠን ብዬ አልሠራሁትም፤ ከኋላዬ ያሉት አጉረመረሙ። ቢሆንም ፒኔን የማውቀው እኔ ብቻ ሆንኩ። የልደት ዓመቴንም የስልኬን መጨረሻ ቁጥሮችም አልተጠቀምኩም።

አፑን ያወረድኩት ከፕሌይ ስቶር ነው። የነጋዴዎች የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ "አዲሱ የባንክ አፕ" ተብሎ ፋይል ሲላክ አይቻለሁ። የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ነው የተማረው፤ ስጠይቀው "አክስቴ፣ በቴሌግራም የመጣ የባንክ አፕ ከመንገድ እንደተገኘ ቁልፍ ነው፣ ማን እንደቀረጸው አታውቂም" አለኝ። እንዲህ ያለው ፋይል ሲጫን "አክሰሲቢሊቲ" የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል። ከፈቀድሽለት ስክሪንሽ ላይ ያለውን ማንበብና በአንቺ ፋንታ መንካት ይችላል አለኝ። ስልኬ ሲቆለፍ የሜሴጅ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳይታይም አደረገልኝ። ለካ ስልኬን ያነሳ ሁሉ ሳይከፍተው ባንኩ በሜሴጅ የሚልከውን የሚስጥር ኮድ ማንበብ ይችል ነበር።

ሰው ሁሉ ስለ ካፌ ዋይፋይ ያስጠነቅቀኛል። እኔም በራሴ ዳታ ነው የምጠቀመው። ግን እውነቱን ለመናገር በዚህ ገበያ ገንዘብ ሲወሰድ ያየሁት በዋይፋይ አይደለም። በወሬ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጠራ። ሰውየው ትሁት ነው፤ "እርስዎ" እያለ በሙሉ ስሜ ጠራኝ። ከባንኩ እንደሚደውል፣ ሲስተም እየተሻሻለ እንደሆነ፣ አካውንቴ ዛሬ ካልታደሰ እንደሚታገድ ነገረኝ። "አሁን ስድስት አሃዝ ቁጥር በሜሴጅ ይደርስዎታል፣ ያንብቡልኝ።" ሜሴጁ በእርግጥ ከባንኩ ገባ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሙሉ ስሜን፣ ባንኬን፣ የአካውንቴን የመጨረሻ ቁጥሮች ያውቃል። ማመን የጀመርኩት በዚህ ነው። ከዚያ ቀና ስል ግድግዳዬ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁት። ሁሉም እዚያ አለ። "አሁኑኑ ቅርንጫፍ እመጣለሁ" አልኩት። "መምጣት አያስፈልግም" ሲል ዘጋሁበት። ቅርንጫፍ ስሄድ ከባንኩ ማንም እንዳልደወለ ነገሩኝ። ኮዱ የመጣው ሰውየው የኔን አካውንት በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት ሲሞክር ነው።

ጎረቤቴ ላይ ደግሞ የሞከሩት ሌላ ነው። "ኔትወርክሽን ልናስተካክል ነው" ብለው ኮከብ 21 ኮከብ፣ ከዚያ የሆነ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል እንድትደውል አደረጓት። ይህ ጥሪዋን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። የእህቴ ልጅ ##002# አስደውሎ አጠፋላት። እኔ አሁን ማንም በስልክ "ይህን ደውይ" ቢለኝ ኮከብ የሚባለውን ቃል ስሰማ እዘጋለሁ።

ብዙ የተማርኩት ግን ስልኬ ሲሰረቅ ነው። ከፒያሳ በታክሲ ስመለስ ቦርሳዬ ተቀደደ። ሱቅ እስክደርስ አላወቅኩም። መሳቢያዬ ውስጥ የባንኩን የጥሪ ማዕከል ቁጥር፣ የኢትዮ ቴሌኮምን 994 እና የአካውንት ቁጥሬን የጻፍኩበት ወረቀት ነበረኝ። በሠራተኛዬ ስልክ መጀመሪያ ባንኩን ደወልኩ። መስመሩ እስኪነሳ ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ያቺ ሃያ ደቂቃ ረዝማብኝ ነበር። ሞባይል ባንኪንጉን አስቆለፍኩ። ቀጥዬ ሲሙን አዘጋሁ። ሲሜ ላይም ፒን አድርጌበት ነበር፤ አውጥተው ሌላ ስልክ ላይ ቢሰኩት ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ ይቆለፋል። ይህ የስልኩ መክፈቻ ቁልፍ አይደለም፣ የሲሙ የራሱ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም። የስልኩ መክፈቻ የቱንም ያህል ቢከብድ ሲሙ ወጥቶ ሌላ ስልክ ከገባ የሚስጥር ኮዱ የሚመጣው እዚያ ነው።

ከሱቁ አካውንት ምንም አልተነካም። ቢነካም የነበረው የአንድ ሳምንት የሸማኔ ክፍያ ነው። ዋናው ሌላ ባንክ፣ በደብተር ላይ።

ያልጠበቅኩት ችግር ከዚህ በኋላ መጣ። ሲሙን ላስተካ መታወቂያዬን ይዤ ስሄድ ቁጥሩ በኔ ስም አይደለም። ከዓመታት በፊት ወንድሜ ነበር ገዝቶ የሰጠኝ፤ በሱ ስም ነው የተመዘገበው። እሱ ደግሞ ጭነት ይዞ ጅማ መንገድ ላይ ነበር። እስኪመለስ ሦስት ቀን ያለ ስልክ፣ ያለ ሜሴጅ፣ ያለ ባንክ ቆየሁ። ደግነቱ ቅዳሜ የምከፍለውን ያህል ጥሬ ገንዘብ ሁልጊዜ እቤት አስቀምጣለሁ። ኢንተርኔት የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ሲስተም የለም የሚባልበት ቀን አለ፣ ሸማኔ ግን ቅዳሜ መከፈል አለበት። ወንድሜ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረግነው ቁጥሩን ወደኔ ስም ማዞር ነው። ገንዘቤ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ ቁጥር ላይ ሆኖ ባለቤቱ እኔ አለመሆኔን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ከሁሉ በፊት መታየት የነበረበት እሱ ነበር።

አሁን ሱቅ ውስጥ አሠራራችን እንዲህ ነው። ደንበኛ "አስገብቻለሁ" ሲል ስክሪንሹት አላይም፣ ሜሴጅም አላምንም። የላኪ ስምም ቢሆን ሊመሰል ይችላል። አፑን ከፍቼ ብሩ ገብቶ ስቆጥረው ብቻ እጠቀልላለሁ። እኔ ከሌለሁ ሠራተኛዬ ደውላ የግብይቱን ቁጥርና ብሩን ትነግረኛለች፤ አይቼ "ስጪ" እላታለሁ። እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ፒኔን ግን አታውቅም። ካላወቀች አንድ ቀን ብር ቢጎድል ማንም እሷን አይጠረጥርም። አንዳንድ ደንበኛ "አታምኝኝም?" ብሎ ይቀየማል። ቡና አቀርብለታለሁ፣ እስኪገባ አብረን እንጠብቃለን። ኔትወርክ ሲደክም ሩብ ሰዓት የፈጀበት ጊዜ አለ። ከጥምቀቱ ወዲህ ግን አንድም ቀሚስ ያለ ክፍያ አልወጣም።

"በስህተት ልኬልሽ ነው፣ መልሽልኝ" የሚል ሲደውልም አልመልስም። መጀመሪያ ሂሳቤን አያለሁ። ብዙ ጊዜ የገባ ነገር የለም። በእርግጥ የገባ ከሆነ ባንክ ሄዶ በባንኩ በኩል ያስመልስ። በቅንነት የተሳሳተ ሰው ይህን ስነግረው ይገባዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሸማኔዎቼ ትልቁ፣ ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ የማይቀበሉኝ አባት፣ ብራቸውን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ አልሄዱም። ቁጭ አሉ። "ልጄ፣ እኔም ላስገባው መሰለኝ። ማታ ማታ ይዤው ስገባ ልጆቹ ይፈሩልኛል" አሉኝ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው። ሞባይል ባንኪንግ በሱም ቢሆን ኮከብና መሰላል ባለው አጭር ቁጥር ይሠራል፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁና "አባቴ፣ ሲሙ በማን ስም ነው?" አልኳቸው።

"በልጄ ባል" አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ቴሌ ለመሄድ ተቀጣጥረናል።