ጥፋቱ የሚዛኑ ነበር

ከሰጋቱራ ጋዝ የሚይዝ ካርቦን ልሥራ ብዬ ስነሣ የሚያስቸግረኝ ምድጃው መስሎኝ ነበር። ምድጃውስ እሺ አለኝ፤ የተጫወተብኝ ሚዛኑ ነው።

ሰጋቱራውን መጀመሪያ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ናይትሮጅን እያሳለፍኩበት አከሰልኩት። ከዚያ አንድ እጅ ከሰል ከሦስት እጅ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ደባልቄ፣ አሁንም ናይትሮጅን እያሳለፍኩ፣ 800 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ኬሚካሉ ካርቦኑን እየበላ በየቦታው ይቦረቡረዋል። ክፋቱ ዕቃውንም ይበላል፦ የመጀመሪያው የሴራሚክ ዕቃዬ ውስጡ ተላልጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የምሠራው በኒኬል ክሩሲብል (ኃይለኛ ሙቀት በሚችል ጽዋ) ነው። ደግሞ ከምድጃ እንደወጣ ውሃ አይደፋበትም። በዚያ ሙቀት ንጹሕ ፖታሲየም ሊፈጠር ስለሚችል ውሃ ሲነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ናይትሮጅኑን ሳልዘጋ እስኪበርድ ድረስ እጠብቃለሁ።

አጠባው አሰልቺ ነው። በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ በተጣራ ውሃ፣ የፒኤች ወረቀቱ 7 እስኪያሳይ ድረስ። ጨው ውስጡ ከቀረ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ጊዜ የለኝም ብዬ ያሳጠርኩት ዕለት ሁሉንም ደግሜ አጥቤዋለሁ።

ወደ ልኬቱ ልምጣ። የገጽ ስፋቱን (የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ጨምሮ) የለካሁት በ77 ኬልቪን ናይትሮጅን በማስያዝ፣ ቢኢቲ በሚባለው፣ ገጹን የሸፈኑትን የጋዝ ሞለኪውሎች በሚያሰላ ዘዴ ነው። አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል 0.162 ካሬ ናኖሜትር ይሸፍናል ተብሎ ይሰላና የተገኘው ለናሙናው ክብደት ይካፈላል። እኔ ከጠርሙሱ 100 ሚሊግራም መዝኜ ቱቦው ውስጥ ጨመርኩ፤ በቫኪዩም በ250 ዲግሪ አሳደርኩት፤ ስሌቱ ላይ ግን ያንኑ 100 ጻፍኩ። ውጤቱ ዝቅ አለብኝ። የኬሚካሉን መጠን ቀየርኩ፣ ሙቀቱን ቀየርኩ፣ አሁንም ዝቅ። ሳምንታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን እንዲያው ነገሩ ከነከነኝና ቱቦውን ከቫኪዩም በኋላ መዘንኩት፦ ውስጡ ያለው 82 ሚሊግራም ብቻ! ቀሪው 18ቱ ካርቦኑ ከአየር የጠጣው እርጥበት ነበር። የካርቦኑን አሠራር ስወቅስ የከረምኩት በከንቱ ነው። አሁን ባዶውን ቱቦ በናይትሮጅን ሞልቼ፣ ከነክዳኑ እመዝናለሁ፤ ናሙናው ከደረቀ በኋላም በዚያው ጋዝ፣ በዚያው ክዳን።

ሶፍትዌሩም ዝም ብሎ አይታመንም። ከ0.05 እስከ 0.3 ባለው አንጻራዊ ግፊት (የጋዙ ግፊት በዚያ ሙቀት ፈሳሽ ለሚሆንበት ግፊት ሲካፈል) ላይ መስመር ያሰምርልሃል፤ ቀዳዳቸው ከ2 ናኖሜትር በታች ለሆኑ ካርቦኖች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል። በቢኢቲ ስሌት ውስጥ «ሲ» የሚባለው፣ ኔጌቲቭ መሆን የማይገባው ቁጥር ኔጌቲቭ ሲወጣ ሳይ ነው የባነንኩት።

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ የ800ው ናሙና በስፋት አንደኛ ወጣ። ደስ አለኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ0 ዲግሪና በ1 ባር ስሞክር ግን በ650 ዲግሪ የሠራሁት በለጠው። በዚህ ግፊት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አጥብቀው የሚይዙት ከ1 ናኖሜትር የሚያንሱት ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው፤ 800 ዲግሪ ደግሞ እነሱኑ አስፍቷቸዋል። ሰፊዎቹ የሚጠቅሙት ግፊቱ ከፍ ሲል ነው። የ650ውን ጠርሙስ «የከሸፈ» ብዬ ጽፌበት መደርደሪያው ጥግ ወርውሬው ነበር፤ ጽሑፉን እስካሁን አላጠፋሁትም።