የእማዬ ቴፕ

እማዬ ቡፌው ላይ ዳንቴል ያለበሰችው አንድ ሬዲዮ ቴፕ አላት። አባዬ በሕይወት እያለ የገዛው ነው። ሲሰካ "ዥዥዥ" ከማለት ሌላ ሥራ ከተወ ዓመታት አልፈውታል፤ ግን አቧራው በየሳምንቱ ይጠረጋል፣ ማንም ንክች አያደርገውም። እኔ ደግሞ ለፋሲካ ሰርፕራይዝ ላድርጋት ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ፣ ተሸክሜው ውልቅ።

ፒያሳ የነበረው ሬዲዮ ሠሪያችን ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ የት እንደገባ አላውቅም። አራት ኪሎ አንድ ሽማግሌ አሉ ሲሉኝ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል በትከሻዬ ይዤው ወረድኩ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ አንዱ ተማሪ "ብራዘር፣ ድምፁን ቀንስልን!" አለኝ። ምን ልበል፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ጋሼ በካቻቢቴ ፈቱት። የካሴቱ ቤልት ቀልጦ እንደ ሬንጅ ጣታቸው ላይ ተለጠፈ። ዥዥታው ደግሞ ከፓወሩ ነው፣ ካፓሲተሩ ደርቋል አሉ። "ዕቃው ርካሽ ነው፣ ከነእጄ 1,400 ትሰጠኛለህ።" በዚህ ብር ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር አይጠፋም። ግን የዘንድሮ ስፒከር ባትሪው ሲሞት ማን ይከፍተዋል? ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ይሄ አራት ብሎን ፈትተህ ሆዱን በዓይንህ ታየዋለህ። ጥገናማ ያዋጣል አልኩ። (ይህችን ያዙልኝ።)

ስልኬ ጮኸ።

"ቴፑን ሌባ ወሰደው!"

"እማ፣ እኔ ነኝ፣ ላሠራልሽ..."

"ማን አሠራ አለህ! አሁኑኑ መልስ! እንዳይከፍቱት!"

እንባዬ መጣ። የአባዬ ማስታወሻ እኮ ነው፣ ምን ሆኜ ነው ሳልጠይቃት የነካሁት እያልኩ ራሴን ስወቅስ፣ ጋሼ የባትሪ ድንጋይ ማስገቢያውን ክዳን ፈነቀሉት። በፌስታል የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ ብር ዱብ! ስድስት ድንጋይ የሚይዘው ቦታ በመቶ ብር ታጭቋል። ጎረቤት ያለው ሊስትሮ ሳይቀር አንገቱን አስገባ። ቆጠርነው፣ 8,710። ያዋጣል ብያችሁ አልነበር?

ጋሼ አንዱን ወደ መብራቱ አነሱት። "ልጄ፣ ይሄ እኮ አሮጌው ነው።"

በ2013 የተቀየረው! ያኔ ባንክ ተሰልፌ ያስቀየርኩላት እኔ ነኝ፤ ምላ ተገዝታ "ሌላ ቤሳ የለኝም" ያለችኝም እሷው ናት። ከዚያ ሁሉ የሚሠራው መሃል የተገኙት ሁለት ባለ አምስት ብሮች ብቻ ናቸው፤ ባለ አምስቱ አልተቀየረማ።

ማታ ቴፑን ሰካሁት። ጥርት አድርጎ ዜና አነበበ። እማዬ ግን ጆሮዋንም አልሰጠችው። ብሩን ደግማ ቆጠረች፣ ሁለቱን ባለ አምስት መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፣ የቀረውን በፌስታሉ ጠቅልላ ወደ ድንጋይ ማስገቢያው መለሰችው።

"እማዬ፣ አይሠራም እኮ!"

"ቴፑስ መቼ ይሠራ ነበር?"