እሁድን ያላየው ተጫዋች

ጥር በመጣ ቁጥር ፔብል ቢች ትዝ ይለኛል፣ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ያለው የጎልፍ ሜዳ። በየዓመቱ ፕሮፌሽናሎችና አማተሮች፣ ማለትም ጎልፍ ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚወዳደሩበት ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ከሳን ሆዜ አንድ ደንበኛ ይዤ ሄድኩ። ውጭ ልጠብቀው ስል፣ የተረፈ ቲኬት አለኝ ብሎ ይዞኝ ገባ። ያኔ ስለ ጎልፍ የማውቀው ነገር አልነበረም።

ከገመዱ ኋላ ቆሜ አንድ ጠና ያለ አማተር አየሁ። ኳሷ ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ብትርቅ ነው። እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። አብሮት የተመደበው ፕሮፌሽናል ቁጢጥ አለና ሣሩ ወዴት እንደሚያዘነብል በጣቱ አሳየው። ሰውዬው መታት። ገባች! ሁለቱ ሲተቃቀፉ የኔም እንባ መጣ።

ደንቡን በኋላ ነው የተረዳሁት። በየጉድጓዱ ከሁለቱ የተሻለው ውጤት ለቡድኑ ይያዛል። ለአማተሩ ደግሞ እንደ ችሎታው ምት ይቀነስለታል፣ ሃንዲካፕ የሚሉት ነው። አንዳንዴ ታዲያ ፕሮፌሽናሉን የሚያድነው ያ ተራ ሰው ይሆናል።

ይህን ውድድር የጀመረው ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ ራንቾ ሳንታ ፌ ላይ። የሽልማቱን ገንዘብ ያወጣው ከራሱ ኪስ ነበር። ዝናብ ጨዋታውን ወደ 18 ጉድጓድ አሳጠረውና ሳም ስኒድ አሸንፎ 500 ዶላር ወሰደ። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። በ1947 ፔብል ቢች ወዳለበት ወደ ሞንቴሬይ መጣ፣ እዚያው ቀረ።

እኔን ግን አንጀቴን የሚበላኝ ጃክ ሌመን ነው። ሁለት ኦስካር የወሰደ ትልቅ ተዋናይ! እዚህ ሲመጣ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፦ ማጣሪያውን አልፎ በመጨረሻው ቀን፣ እሁድ መጫወት። ዓመት ጠብቆ ይመጣል፣ ሳያልፍ ይመለሳል። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይመጣል። በ2001 ሲያርፍ ያቺን እሁድ አላያትም።

ከ2024 ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ሽልማቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። አማተሮቹ ሐሙስና ዓርብ ብቻ ተጫውተው ይሰናበታሉ። ሌመን ዕድሜውን ሙሉ የተመኛት እሁድ አሁን ለማንም አማተር የለችም። እውነቴን ነው፣ ይህ በጣም ከፍቶኛል።

እሁድ ዕለት ከሥራ ገብቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ባሕሩ ያው ነው፣ ሣሩም ያው። የሚጫወቱት ሁሉ ጎበዞች ናቸው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን አላየሁም።