ድመቷ የት ገባች?

በዚያ ጠዋት ከቤት ስወጣ ከማንም ጋር አላወራሁም። ይህን ያዙልኝ። ጉሮሮዬ ገና አልተከፈተም ነበር፤ ያለኝ መከላከያ ይኸው ብቻ ነው።

አውቶቡሱ 50 ደቂቃ አስጠብቆን መጣ። ገባን አይባልም፤ ተጠቀጠቅን። የአንዱ ክርን ጎኔ ላይ፣ የሌላው ቦርሳ አገጬ ስር። ብረቱን ልያዝ ብዬ እጄን ሰቀልኩ። ላውርደው ስል ቦታው ተይዟል። በቃ፣ ጥያቄ ያለው ተማሪ መስዬ ቀረሁ።

ለመሆኑ ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍተው ለምን ሁለት አውቶቡሶች ተከታትለው እንደሚመጡ ታውቃላችሁ? የፊተኛው ትንሽ ይዘገያል። እሱ ሲዘገይ ፌርማታው ላይ ሰው ይበዛል። ያን ሁሉ ሰው ሲጭን ጭራሽ ይዘገያል። የኋለኛው ደግሞ የሚጭነው ስለሚያጣ ከች ብሎ ይደርስበታል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ንዴቴ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ምክንያቱም አየሁታ! ባዶው አውቶቡስ በመስኮቴ በኩል ሽው ብሎ አለፈን። ውስጡ አንድ ሰውዬ ሁለት ወንበር ይዞ ተኝቷል። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

መውረጃዬ ደረሰ። ደወሉ ከተበላሸ ሰነባብቷል፤ መጮህ ግድ ነው። አየር ሳብኩና "ወራጅ አለ!" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ውያ…ው" ነው።

ጸጥ አለ።

"እማዬ፣ ድመት አለች!" አለ አንድ ሕፃን።

"እኔ ነኝ" ብል እኮ ያልቅ ነበር። አላልኩም። እናትየው ወደ እግሯ አየች። አንድ አዛውንት "እንዳትረግጧት! እንዳትረግጧት!" እያሉ ከዘራቸውን ብድግ አደረጉ። የተቀመጠው ሁሉ እግሩን ሰቀለ። ለእኔ የግማሽ ጫማ ቦታ ያልተገኘበት አውቶቡስ ለድመት ሲሆን መሃሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። እጄን ያወረድኩትም ያኔ ነው። አንዱ የስልኩን መብራት አብርቶ ወንበር ስር ገባ። "ጥቁር ናት፤ አሁን አየኋት" ያለችም አልጠፋችም። ረዳቱ ሂሳብ መሰብሰቡን ትቶ "ውሮ፣ ውሮ" ይላል። ለሰው እንዲህ ለስልሶ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እኔስ? እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግኳት። "ወደ ኋላ ሳትሄድ አልቀረችም" ብዬም አቅጣጫ ጠቆምኩ። በዚህ መሃል ፌርማታዬ አለፈ። ቀጣዩም አለፈ።

እንግዲህ መውረድ አይቀርም። አንዴ አሳልኩ። ሁለቴ አሳልኩ። በሆዴ "ወራጅ አለ፣ ወራጅ አለ" እያልኩ ተለማመድኩ። ከዚያ ባለኝ አቅም ሁሉ ጮህኩ።

ልጁ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "እማዬ፣ እሱ ጋ ናት!"

ረዳቱ ሰው እየገፋ መጣና አጠገቤ ቆመ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን አየ።

"ወንድሜ፣ እስቲ ክፈተው።"