የሰፈራችንን ክሊኒክ ታሪክ ስጽፍ

ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከደረሰኝ ጋር ስታገል እውላለሁ። ታሪክ ጽፌ አላውቅም። ለዚህ ጽሑፍ የታጨሁትም «አንቺ አሮጌ ወረቀት አይሰለችሽም» ተብዬ ነው።

ይህን ያለችኝ የሰፈራችን ክሊኒክ ባለቤት ናት። ክሊኒኩ ጎንደር ውስጥ ያለ፣ አራት ክፍል ብቻ ያለው ትንሽ ቤት ነው። አባቷ በንጉሡ ጊዜ ከፈቱት። በደርግ ጊዜ ተዘጋ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ነርስ የሆነችው እሷ እንደገና ከፈተችው። አሁን ልጇ ዶክተር ሆኖ እዚያው ያክማል። «አራት ገጽ ጻፊልኝና ካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ልስቀለው» አለችኝ። ሁለት ሳምንት ይበቃኛል አልኩ። ሰባት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ደብተር ይዤ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ። «ክሊኒኩ በስንት ዓመተ ምሕረት ተከፈተ?» እያልኩ ስጠይቅ አንዱ 1955 አለኝ፣ ሌላው 1964። ሁለቱም ይምላሉ። ለካ ጥያቄዬ የሂሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነበር። ሰው ዓመት አያስታውስም፣ ሕመሙን ነው የሚያስታውሰው። ጥያቄውን ቀይሬ «መጀመሪያ የሄዱት ምን አሞዎት ነው?» ማለት ስጀምር ወሬው እንደ ጉድ ፈሰሰ።

አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፤ «ሁለተኛ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ነው የሄድኩት። አዲስ ነበር፣ በሩ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። የፈንጣጣ ክትባት ሰዎች የመጡ ጊዜ ደግሞ ያው ልጅ ከእጄ አምልጦ በእግሩ ሮጦ ጓሮ ተደበቀ።» ይህ ለእኔ ወርቅ ነው። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከእጅ አምልጦ የሚሮጥ ልጅ ቢያንስ ሁለት፣ ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ስለዚህ ክሊኒኩ በ1960 ወይም በ1961 አካባቢ ተከፍቷል ብዬ ያዝኩ። ከወራት በኋላ ከቆርቆሮ ሳንዱቅ ውስጥ የመጀመሪያው የመድኃኒት ግዢ ደረሰኝ ወጣ። 1960 ይላል። የዚያን ቀን ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ሳንዱቁ ግን ደስታ ብቻ አልነበረም ያመጣው። ቤተሰቡ ሁልጊዜ «አባታችን ከኮሌጁ ነው የተመረቁ» ይላል። ጎንደር ላይ ኮሌጁ ሲባል ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎንደር አጠገብ ባለችው ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ ነው በዓመቱ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና ፖይንት ፎር የሚባለው የአሜሪካኖቹ የእርዳታ ፕሮግራም ተባብረው ነው ያቆሙት። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሦስቱ እንደ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ታስቦ ነው። የደምቢያዋ ከተማ ቆላ ድባ መለማመጃቸው ነበረች። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አልመጣም፣ ግን ይህ የእኔ ነገር ነው።

ወደ ሳንዱቁ ልመለስ። የምስክር ወረቀቱ ተገኘ። ድሬሰር ይላል። ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ፋሻ ማሰር የተማሩ ሰው ናቸው። ከኮሌጁ ከወጡ ጤና መኮንኖች ጋር ሠርተዋል እንጂ ኮሌጁ ውስጥ አልተማሩም። ሰፈሩ ሁሉ ግን «ዶክተር» ነበር የሚላቸው። ወረቀቱን ለልጃቸው እንዴት ላሳያት? አንድ ሳምንት ይዤው ዞርኩ። በመጨረሻ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩትና ዝም አልኩ። አየችው፣ መነጽሯን አውልቃ ደግማ አየችው። «ጻፊው» አለችኝ። «ድሬሰር ሆነው ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት በይ።»

ምን አደረጉ? ሲሪንጁ የብርጭቆ ነበር። ማታ ማታ በላምባ ምድጃ ላይ በብረት ሣህን ይቀቅሉታል። መርፌው ሲደነዝዝ በድንጋይ ይስሉታል። ያን መርፌ የቀመሰች አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ይዘው እያሳዩኝ «የእሱ መርፌ ሲገባ ድምፅ ነበረው» አሉኝ። ያም ሆኖ መርፌ ያልተወጋ ሰው ታከምኩ አይልም ነበር። ሽሮፕ ብቻ ተሰጥቶት የተመለሰ ሰው አኩርፎ ነው የሚሄደው። ሒሳቡ ስሙኒ ነው፤ ስሙኒ የሌለው እንቁላል ያመጣል።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከሳንዱቁ የሕሙማን መዝገብም ወጥቶ ነበር። ስም፣ ዕድሜ፣ ሕመም፣ የተሰጠው መድኃኒት። እኔ ደረሰኝ ያገኘሁ መስሎኝ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። አንድ እሑድ ጎረቤታችን እማማ ቤት ቡና ተጠራሁ። ሰው ሞልቷል። ቶና ላይ ደርሰናል። ስለ መዝገቡ ሳወራ እማማ «እስቲ የባለቤቴን ስም ፈልጊልኝ» አሉኝ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አገኘሁት፣ ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስም፣ ዕድሜ 34፣ ጨብጥ፣ ፔኒሲሊን።

አፌ ላይ ያለውን ቃል ልመልሰው ብል አልመለስ አለኝ። ቤቱ ጭጭ አለ። ጀበናው ብቻ ይንፈቀፈቃል። እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «እሱማ ሾፌር ነበር» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። በረካውን ሳልጠጣ ወጣሁ።

በማግስቱ ፎቶዎቹን በሙሉ አጠፋሁ። መዝገቡን ለክሊኒኩ ባለቤት መለስኩ፣ ካቢኔት ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲያ ከመዝገቡ የምፈልገውን እሷ ራሷ ስሙን በወረቀት ሸፍና ታነብልኛለች። ለጽሑፉ የሚያስፈልገኝ የማን ሕመም እንደሆነ ሳይሆን ሰፈሩን ምን ያመው እንደነበረ ነው፤ ወባ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ሕመም፣ የእንጨት ፍላጭ ቁስል። ለዚህ ስም ምን ያደርጋል? ከመጀመሪያው እንዲህ ብሠራ ኖሮ ያቺን እሑድ አላያትም ነበር።

የደርግ ዘመን ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው የወጣው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ክሊኒኩ ያለበት ቤት ትርፍ ተባለ። ድሬሰሩ አባቷ መንግሥት ጤና ጣቢያ ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። ከዚያ ጊዜ ወረቀት ማግኘት ከባድ ነው። ሰውም ማውራት አይወድም። እኔም አልገፋሁም።

የልጅ ልጃቸው አንድ ቀን ረቂቄን አንብቦ ሳቀ። የቤተሰብ ሕክምና የሚባለው ስፔሻሊቲ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። «እኛ ቤት ግን አያቴ እናትየዋን፣ እናቴ ልጅየውን፣ እኔ የልጅ ልጁን ነው የምናክመው፤ ስሙን ነው ያጣነው» አለኝ። ይህን አባባሉን እንዳለ አስገባሁት።

ጽሑፉ የተሰቀለ ቀን እማማም መጡ። ፊታቸውን ማየት ፈርቼ ነበር። ቆመው በወጣት አስነበቡት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «የእኔስ መዝገቡ ላይ የለም?» አሉኝ። የክሊኒኩን ባለቤት አየኋት፣ ቁልፉን አወጣች። ሦስታችን ብቻ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ገባን፣ በሩን ዘጋን። ፈልጋ አገኘችው።

«ራስ ምታት» አለች። «አስፒሪን አራት ፍሬ።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «አሁንም እኮ አልተወኝም» አሉ።